በበጋ የጢስ ዓባይ ውሃ የት ይገባል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በበጋ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይዘናችሁ ስንሄድ ብዙዎቻችሁ «ውሃው የት ገባ?» ትሉናላችሁ። የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያለውን ሙሉ ፏፏቴ ጠብቆ ለመጣ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው።

ብዙ ሰው የሚወቅሰው አሮጌውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል። ጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ መብራት የሰጠ ባለውለታ ነው። ሦስት ተርባይኖች አሉት። ሦስቱም ሲሠሩ 11.4 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፏፏቴው በላይ ውሃው በቦይ ይጠለፋል። በቱቦ ቁልቁል ወርዶ ተርባይኑን ያዞራል። ከዚያ ከፏፏቴው በታች ተመልሶ ዓባይ ይገባል። ውሃው አይጠፋም፤ በገደሉ ላይ ግን አይወርድም። ታዲያ 11.4 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚበቃው በሰከንድ 30 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ለክረምቱ ዓባይ ይህ ከቁጥር አይገባም። ማመንጫውና ፏፏቴው ለአሥርት ዓመታት ተቻችለው የኖሩት ለዚህ ነው።

ነገሩ የተለወጠው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ የሚለቀቀው ውሃ በበር የሚመጠን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት መጣ። አቅሙ 73 ሜጋ ዋት፣ ከአሮጌው ስድስት እጥፍ በላይ ነው፤ የሚጠልፈው ውሃም በዚያው ልክ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ጣና በለስ ተመረቀ። እሱ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ይለቀዋል። ያ ውሃ ጭራሽ በፏፏቴው በኩል አያልፍም።

ለአገር መብራት ያስፈልጋል፤ በዚህ አንከራከርም። እናንተ ግን የከፈላችሁበትን ማየት አለባችሁ። ስለዚህ ከተቻለ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ኑ። ያኔ ጭሱ ከሩቅ ይታያል፣ ልብስም ያረጥባል። ከኅዳር እስከ ግንቦት ለምትመጡ ከጉዞው በፊት የፏፏቴውን የሰሞኑን ቪዲዮ በቴሌግራም እንልክላችኋለን። አይታችሁ ካልጣማችሁ ቀኑን ያለ ተጨማሪ ክፍያ መቀየር ትችላላችሁ። መምጣት ለምትፈልጉም ወደ ፏፏቴው በሚወስደው መንገድ ያለው አሮጌው የአላታ የድንጋይ ድልድይ በበጋም ያው ነው፤ መንገዱም ጭቃ የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ አዘጋጆቻችሁ፣ ባሕር ዳር