የቴክሳሱ የዘር እህል ታሪክ ግማሹ ተነግሮ ግማሹ ቀርቷል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በአስተያየት ዓምዳችሁ የወጣውን፣ ከተፈጥሮ አደጋ በኋላ የሚሰጥ ዕርዳታ ሙሉ በሙሉ ለግል በጎ አድራጎት ይተው የሚለውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ሊበርታሪያን ከሚባለው፣ የግለሰብን ነጻነት ከሁሉ አስቀድሞ የመንግሥትን ሥልጣን ማጥበብ ከሚሻው አስተሳሰብ ተነሥተው ያቀረቡት ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ እንዲያውም ከግማሽ በሚበልጠው እስማማለሁ። የማልስማማው ለማስረጃነት ባመጡት ታሪክና ከዚያ በደረሱበት መደምደሚያ ነው።

ታሪኩ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በድርቅ ለተመቱ የቴክሳስ ገበሬዎች ዘር መግዣ 10,000 ዶላር እንዲሰጥ የአሜሪካ ምክር ቤት ቢወስንም ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ አልፈርምም ብለው ሕጉን መለሱት። ሕዝብ መንግሥትን ይደግፋል እንጂ መንግሥት ሕዝብን ሊደግፍ አይገባም የሚለው ቃላቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ችግር ለደረሰበት ወገን የዜጎች ቸርነት ምን ጊዜም እንደማይታጣም ሕጉን ሲመልሱ በላኩት በዚያው ደብዳቤ አስፍረዋል። ጸሐፊው ከዚህ በኋላ ለጋሾች እጃቸውን እንደዘረጉ ነግረውናል። እውነት ነው፤ ቀይ መስቀልም ሌሎችም ደርሰዋል። ያልነገሩን ግን የቴክሳስ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ከክፍለ ግዛቱ ካዝና 100,000 ዶላር፣ ማለትም ክሊቭላንድ ከከለከሉት ዐሥር እጥፍ፣ ለድርቁ ተጎጂዎች መመደቡን ነው። ስለዚህ ከታሪኩ አንድ ትምህርት ይወሰድ ከተባለ፣ የሩቁ መንግሥት እምቢ ባለ ጊዜ የቅርቡ መንግሥት ከለጋሾች ጎን መቆሙ ነው።

ጸሐፊው ጽኑ መሬት ላይ የቆሙት ስለ ካትሪና ሲያነሡ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ያ አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን በውሃ ሲያጥለቀልቅ፣ ውሃና ምግብ የጫኑ፣ ዋልማርት የተባለው ግዙፍ የችርቻሮ ኩባንያ መኪኖች አንዳንድ አካባቢዎች የደረሱት ከፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ከፌማ ቀድመው ነበር። የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ያላቸው ተራ ሰዎች በራሳቸው ነዳጅ እየነዱ ጣሪያ ላይ የወጡትን አውርደዋል። በአንጻሩ ቀይ መስቀል ከተማው ውስጥ ገብቶ እንዳይሠራ ከተማው ያለበት የሉዊዚያና ክፍለ ግዛት ባለሥልጣናት ከልክለውታል፤ ምክንያታቸውም ዕርዳታው ሰዉ ከተማውን ለቆ እንዳይወጣ ያደርገዋል የሚል ነበር። እዚህ ላይ የጎደለው ገንዘብ አልነበረም፤ የበዛው ከልካይ ነው። ነገር ግን በዚያው አደጋ ከ33,000 በላይ ሰዎችን ያወጣው የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃም የመንግሥት ተቋም መሆኑን ጸሐፊው ዘለውታል። ይህ ተቋም ከሌሎቹ የሚለየው ቦታው ላይ ያለው አዛዥ ከበላይ ትእዛዝ ሳይጠብቅ እንዲወስን የሚፈቅድ ልማድ ስላለው ነው። እንግዲህ ዋልማርትንም፣ ባለ ጀልባዎቹንም፣ ጠረፍ ጠባቂዎቹንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ አደጋውን በዐይኑ የሚያየው ሰው የመወሰን ነጻነት ነበረው።

የግል ቸርነት ትልቁ ድክመት ስለ መጠኑ የሚነሣው ጥያቄ አይደለም፤ ሰው ለጋስ መሆኑን ደጋግሞ አሳይቷል። ድክመቱ የሚሄደው ዐይን ወደ ሄደበት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 በሕንድ ውቅያኖስ የተነሣው ሱናሚ የፈረንጆች ገና ማግስት፣ ካሜራ የያዙ ቱሪስቶች በሞሉበት የባሕር ዳርቻ ነበር የደረሰው። ገንዘቡ ከመጉረፉ የተነሣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከሳምንት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ለዚህ አደጋ በቂ ስላገኘን ከእንግዲህ አትላኩ እስከ ማለት ደረሰ፤ ሐቀኝነቱን አደንቃለሁ። ዓመት ሳይሞላ በካሽሚር የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ70,000 በላይ ሰው ሲገድልና የበረዶው ክረምት ከተራራው ላይ ሲወርድ፣ ያው ለጋሽ ዓለም ያን ያህል አልቸኮለም። ተራራው ሥር ቤቷ የፈረሰባት ሴት ባሕር ዳር ካለችው በምን አነሰች?

የሚለገሰው ነገር ዓይነትም ከሰጪው ፍላጎት ጋር ይሄዳል። ከሱናሚው በኋላ ወደ ኢንዶኔዥያዋ አቼ ከተላከው 4,000 ቶን ያህል መድኃኒት ብዙው የአገሬው ሐኪም በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ወይም ጊዜው ያለፈበት ስለነበር ማስወገዱ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። እኔም ከአንድ ጎርፍ በኋላ በዕርዳታ መጋዘን በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ልብስ ለይቻለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ስንለይ የዋልነው ረጅም ተረከዝ ጫማ፣ ጓደኛው የጠፋ ነጠላ ጫማና ዶቃው የረገፈ የሰርግ ቀሚስ ነበር፤ ከውጭ የተሰለፉት ሰዎች የሚጠይቁት ደግሞ ባልዲ፣ ሳሙናና አዲስ የውስጥ ልብስ ነው። ሰጪዎቹን ማማት አልፈልግም፤ ከልባቸው ነው የሰጡት። ተቀባዩ ግን ይህ አይሆነኝም፣ ያን ስጡኝ ብሎ አቤት የሚልበት ቦታ አልነበረውም።

መንግሥት የሚሰጠው ከዜጋው በግዴታ ወስዶ ስለሆነ ቸርነት ሊባል አይችልም የሚለውን የጸሐፊውን ሐሳብ ያለ ማንገራገር እቀበላለሁ። ቸርነት አይደለም፤ እንዲሆንም አልተፈለገም። ግብር የከፈለ ሰው ቤቱ ሲፈርስ ጠያቂ እንጂ ለማኝ አይሆንም፤ ቢከለከል ይከሳል፣ ካልሆነም በምርጫ ቀን ይበቀላል። በቺካጎ እ.ኤ.አ. ከ1871ዱ ቃጠሎ በኋላ ከየአቅጣጫው የተዋጣውን ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እንዲያከፋፍል አደራ የተሰጠው የግል ማኅበር፣ ለዕርዳታ የሚገባውን ድሃ ከማይገባው እለያለሁ እያለ የተቸገረውን ሁሉ በጥያቄ ሲያስጨንቅ ነበር። ቢሮክራሲ የመንግሥት ብቻ በሽታ አይደለም።

ጸሐፊው በአንድ መስመር ያለፉት፣ እኔ ግን ከክርክራቸው ሁሉ እጅግ ጠንካራ ነው የምለው የጎርፍ መድን ጉዳይ ነው። ጎርፍ ሲመጣ አንድን ሰፈር በሙሉ በአንድ ቀን ስለሚመታ የግል መድን ድርጅቶች ከዚህ ገበያ ሸሽተው ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1968 የራሱን የጎርፍ መድን አቋቋመ። ዋጋው ግን ለብዙዎች ከእውነተኛው አደጋ ያነሰ ስለነበር፣ ደጋግሞ በሚያጥለቀልቅ ሜዳ ላይ ያለ ቤት ደጋግሞ እየተከፈለበት እዚያው ተመልሶ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ምክር ቤቱ የዚህን ፕሮግራም ዕዳ 16 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። በሌላ አነጋገር ከወንዝ ርቆ የሠራው ሰው ወንዝ ዳር ለሠራው ከፈለ። ሰውን ከጎርፍ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ጎርፍ ውስጥ እንዲኖር መደጎም ሌላ ነው። ይህን ድጎማ ማስቀረት ላይ ጸሐፊው ቢዘምቱ አብሬያቸው እዘምታለሁ።

በመጨረሻም፣ ጸሐፊው የቦታው ሰው የሚያውቀውን ማዕከሉ ሊያውቀው አይችልም ለማለት ኢኮኖሚስቱን ፍሪድሪክ ሃይክን በምስክርነት ጠርተዋል። ምስክሩ የተከበረ ነው። ይኸው ሃይክ ግን እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንደ መሬት መንቀጥቀጥና ጎርፍ ባሉ ሰው ሊከላከላቸው በማይችላቸው አደጋዎች ለተጎዱ ሰዎች መንግሥት የሚያደርገው ዕርዳታ ከግለሰብ ነጻነት ጋር እንደማይጋጭ ጽፏል። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይህንንም የምስክርነቱን ክፍል ቢያሰሙን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ