ደመወዙ ስንት ኑሮ ይገዛል?

ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? አባባና እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለተገኘልሽ የውጭ አገር ሥራ ነግረሽኝ፣ «ይህን ያህል ደመወዝ ካገኘሁ ኑሮዬ ተለወጠ ማለት ነው? ወይስ ገንዘብ ደስታ አይሰጥም የሚሉት እውነት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለምና ረጋ ብለሽ አንብቢው። ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ገንዘብ ደስታ አይሰጥም» የሚለውን እንዳለ አትቀበዪው። ተመራማሪዎች ነገሩን የሚለኩት በመሰላል ነው፤ ከታች 0፣ ከላይ 10 ተጽፎበት ሰውዬው ኑሮውን በየትኛው እርከን ላይ እንደሚያስቀምጥ ይጠየቃል። መልሱ ከገቢ ጋር ከፍ ይላል። ከፍ የሚለው ግን በተጨመረው ገንዘብ ልክ ሳይሆን ገቢው በስንት እጥፍ እንዳደገ ነው። ገቢው ከ100 ወደ 200 ያደገ ሰው የሚወጣው እርከን፣ ከ1,000 ወደ 2,000 ካደገው ሰው ጋር ይቀራረባል። ያቺው 100 ለአንዱ ቤት መድኃኒትና የልጅ ትምህርት ስትሆን ለሌላው መኖሯም አይታወቅ።

የሀብት ክፍፍሉ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው። የ2022ቱ የዓለም ኢ-እኩልነት ሪፖርት እንደሚያሳየው ከላይ ያለው 10 በመቶ ሕዝብ ከዓለም ገቢ 52 በመቶውን፣ ከሀብቱ ደግሞ 76 በመቶውን ይዟል። ከታች ያለው ግማሽ ሕዝብ ከገቢው 8.5 በመቶ ሲደርሰው ከሀብቱ ያለው ድርሻ 2 በመቶ ብቻ ነው። ገቢ በየወሩ የሚገባው ነው፤ ሀብት ግን ዕዳው ተቀንሶ የሚቀረው ቤት፣ መሬት፣ አክሲዮንና ቁጠባ ነው። የሀብቱ ልዩነት የሚሰፋውም ገቢውን ለዕለት ጉርሱ የሚጨርስ ሰው የሚያስቀምጠው ስለሌለው ነው። የተረፈው ሰው ግን ትርፉ ሌላ ትርፍ እየወለደለት ለልጆቹ ያወርሳል። ብራንኮ ሚላኖቪች የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ የብዙ አገሮችን የቤተሰብ ገቢ ጥናቶች አገናዝቦ፣ በዓለም ሰዎች መካከል ካለው የገቢ ልዩነት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከሚኖሩበት አገር እንደሚመጣ አሳይቷል። አንድ ዓይነት አውቶቡስ የሚነዱ ሁለት ሾፌሮች፣ ሙያቸውና ድካማቸው እኩል ሆኖ ሳለ፣ ደመወዛቸው በብዙ እጥፍ ይለያያል። ድሃ ድሃ የሆነው ሰንፎ ነው የሚልሽ ካለ ይህን ንገሪው።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ቁጥር ልምጣ። መጀመሪያ የሚያሳስተው በባንክ ምንዛሪ ወደ አገራችን ገንዘብ መለወጡ ነው። ደመወዙን የምታወጪው እዚያው በሚኖረው ዋጋ ስለሆነ፣ የሚጠቅምሽ ገንዘቡ እዚያ ስንት ይገዛል የሚለው ነው። የዓለም ባንክ እንኳ ከሰኔ 2025 ጀምሮ የከፋ ድህነት ወለል ያደረገው የቀን 3 ዶላር ተራ ምንዛሪ አይደለም፤ በአሜሪካ 3 ዶላር የሚገዛውን ያህል ነገር በየአገሩ ለመግዛት የሚበቃው ገንዘብ ማለት ነው።

ሁለተኛው የሚያሳስተው በውሉ ላይ የሚጻፈው ያልተጣራ ደመወዝ መሆኑ ነው። ለምሳሌ 100 ነው እንበል። ግብርና ጡረታ 25 ቢወስድ 75 ይቀራል። ቤት ኪራይ 30፣ ምግብ 15፣ መጓጓዣ 7፣ የጤና መድን፣ መብራትና ስልክ 10 ቢሆኑ የሚተርፈው 13 ነው። ለቤተሰብ የሚላከው፣ ቁጠባውና ለጉዞው የተበደርሽው ዕዳ ሁሉም ከዚያች 13 ነው የሚወጡት። ኪራዩ ከ30 ወደ 38 ቢያድግ ደመወዙ ሳይነካ ትርፉ 5 ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ኪራዩን ሳይጠይቅ ደመወዙን ይስማማል።

ሰዓቱንም አስቢ። በሳምንት 40 ሰዓት ሠርተሽ 10 ሰዓት በመንገድ ካለፈ፣ ደመወዙን ለ50 አካፍዪ እንጂ ለ40 አይደለም። የአንዱ ሰዓት ዋጋ በ20 በመቶ ወረደ ማለት ነው። መንገድ ላይ ያለቀው ሰዓት ለእንቅልፍም፣ ለወዳጅም፣ ቋንቋ ለመማርም አይመለስም።

ገንዘብ ስትልኪ «ያለ ክፍያ» በሚለው ማስታወቂያ አትታለዪ፤ ክፍያው ዝቅ ባለ ምንዛሪ ውስጥ ተሸሽጎ ሊሆን ይችላል። ጠይቂ ብዬ የምመክርሽ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ያህል ብሰጥ ተቀባዩ እጅ ላይ ስንት ይደርሳል? በዓለም ደረጃ 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይወጣል፤ መንግሥታት በተባበሩት መንግሥታት በኩል እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች ለማድረስ ተስማምተው ነበር።

«ከ75,000 ዶላር በላይ ገንዘብ ደስታ አይጨምርም» የሚል ወሬም ሰምተሻል። መነሻው ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን በ2010 ያወጡት ጥናት ነው። እነሱ ያሉት የዕለት ስሜት በአሜሪካ ከዚያ የዓመት ገቢ በኋላ መሻሻሉን ያቆማል፣ ሰው ለኑሮው የሚሰጠው ግምት ግን መውጣቱን ይቀጥላል ነው። ሌላው ተመራማሪ ማቲው ኪሊንግስዎርዝ በ2021 ስሜቱም አይቆምም ብሎ ተከራከረ፤ በ2023 ካህነማንና ኪሊንግስዎርዝ መረጃውን አብረው መረመሩት። ለአብዛኛው ሰው ደስታው ከገቢው ጋር መጨመሩን እንደማያቆም፣ እጅግ ባዘኑት ላይ ግን 100,000 ዶላር አካባቢ ሲደርስ እንደሚቆም አገኙ። የገንዘብ ችግር የወለደውን ጭንቀት ገንዘብ ያቃልላል፤ የተሰበረ ልብን ግን ከተወሰነ መጠን በላይ አይጠግንም።

ደመወዝ ላይ የማይታየው ደግሞ ሳትከፍዪ የምታገኚው ነው። በመካከለኛው አሜሪካ ያለችውን ኮስታ ሪካን ተመልከቺ። የነፍስ ወከፍ ገቢዋ ከአሜሪካ በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ ሕዝቧ በአማካይ የሚኖረው ዕድሜ ግን ከአሜሪካ አያንስም። በ1941 የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም አቋቋመች፣ በ1948 ጦር ሠራዊቷን በተነች፣ ኋላም የጤና ቡድኖችን በየመንደሩ አሰማራች። እንዲህ ባለ አገር ሕመም ሲመጣ ቤት አይሸጥም። ሐኪም፣ ትምህርት ቤትና ጡረታ ከኪስ የሚከፈልበት አገር ከሆነ ግን ትልቁ ደመወዝ ትልቅ መጠባበቂያ ይፈልጋል።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት እነዚህን አጣርተሽ ላኪልኝ፤ ከግብር በኋላ እጅሽ የሚገባው ስንት ነው? የኪራዩ ዋጋና ከሥራው ያለው ርቀትስ? ብትታመሚ ማን ይከፍላል፣ ከስንተኛው ቀን ጀምሮ? ከሥራ ብትወጪ የመኖሪያ ፈቃድሽ ስንት ቀን ይቆያል? ሥራውን ላገናኘሽ ደላላ የሚከፈለው ስንት ነው፣ በስንት ወር ደመወዝ ይመለሳል? አሠሪው በቃል የነገረሽ ነገር ካለ በውሉ ውስጥ መጻፉን አይተሽ እመኚ። ቁጥሮቹ ሲደርሱኝ እሑድ ደውዬልሽ አብረን መስመር በመስመር እንቀንሳቸዋለን።

አባባንና እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የሚወድሽ ወንድምሽ