ለኅዳር ጽዮን ቱሉ ጉዶ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እህቶችና ወንድሞች። ዘንድሮ ኅዳር ጽዮንን ዝዋይ ሐይቅ ላይ ባለችው ቱሉ ጉዶ ደሴት ለማክበር አስበናል። የምንነሳው ኅዳር 20 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሐዋሳ ገብርኤል አደባባይ ነው። አዳራችን ደሴቱ ላይ ይሆናል፤ በ21 አስቀድሰን እንመለሳለን። ከሰዓት ሐይቁ ላይ ንፋስ ስለሚነሳ ጀልባ በጠዋት መሳፈር አለብን። እባካችሁ አትዘግዩ።

በአባቶች ትውፊት በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ያረፈችው እዚያ ነው። የደሴቱ ነዋሪዎች ዛዮች ያንን አደራ ይዘው፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ድንጋያማውን ተዳፋት በእርከን እያረሱ፣ ጥጥ እየፈተሉና እየሸመኑ ይኖራሉ። ሰው ሲታመም ግን ማዕበሉ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ለእነሱ ስጦታ ብለን ያረጀ ልብስ ሰብስበን አንሂድ። አጎበር፣ ደብተር፣ የፀሐይ መብራትና ለጀልባ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት ይሻላል። መረብ መጠገኛ ጠንካራ የናይለን ክር ብትጨምሩበት ደግሞ አጥማጆቹ ይመርቋችኋል።

ለራሳችሁ ጋቢና የጾም ስንቅ ያዙ። የምትመጡ እስከ ኅዳር 10 ስማችሁንና የምትይዙትን እዚሁ ጻፉልን፤ መኪናና ጀልባ የምንከራየው በቁጥራችሁ ልክ ነው።