ልጄ፣ በእኔ ስም የሚመጣ ሰው ቢኖር አትስሚ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። የላክሽው ብር ደርሶናል፤ ሁለተኛ ግን ከደመወዝሽ ቆርሰሽ እንዳትልኪ። የሰው አገር ነው ያለሽው፣ ለራስሽ ያዢ።

ስልክ እያለ የምጽፍልሽ ነገሩ በወረቀት እንዲቀመጥልሽ ስለፈለግሁ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አንደኛውን ታውቂዋለሽ፣ በምርቃትሽ ቀን ድፎውን የባረከው ነው። ቡና ተፈላ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ተወራ፤ በረካው ላይ ነገሩ ወጣ። ለካ የመጡት አንቺ በዐቃቤ ሕግነትሽ ስለያዝሽው፣ ስለዚያች የተደፈረች ልጅ መዝገብ ነው። «ልጁ አጥፍቷል፣ ገሥጸነዋል። አሁን ሊያገባት ነው፣ አባቷም ተስማምቷል። ልጅዎ መዝገቡን ብትዘጋው የሁለት ቤት ዕርቅ ነው» አሉኝ። ሊያገባት መስማማቱን እንደ ውለታ ነው የነገሩኝ! እናትሽ ስኒውን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትቆጣ እንዴት እንደምትሆን ታውቂያለሽ።

እንግዲህ በእኔ ስም የሚመጣ ሰው ቢኖር አትስሚ። «አባትሽ ልኮን ነው» ቢሉሽ አልላክሁም።

ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የተቀጠርሁት በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያኔ የሚሠራበት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። የጠለፈ ወይም የደፈረ ሰው ልጅቷን «በፈቃዷ» ካገባት ክሱ ይቀርለታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ሴት የምታገባው በ15 ዓመቷ ነበር። ታዲያ የ12 ዓመቷም የ13 ዓመቷም ችሎት ስትቀርብ 15 ሞልቷት ነው የምትገኘው! የልደት ወረቀት የለ፣ አባት ይምላል፣ ሽማግሌ ይመሰክራል።

ያችን የቆላዋን ልጅ ደጋግሜ ነግሬሻለሁ፣ ዛሬም ልንገርሽ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። ዳኛው «ወደሽ ነው?» አላት። አባቷ ከኋላዋ፣ ጠላፊው ከጎኗ። ራሷን ነቀነቀች፣ አለቀ። መዝገቡ ተዘግቶ ወደ እኔ መጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያቺው ልጅ በሌላ መዝገብ መጣች፣ በፍቺ። ምጥ ላይ ሦስት ቀን ቆይታ ሽንቷ አልቋጠርላት ብሎ ኖሮ ባልየው አልፈልጋትም አለ። አዲሱን መዝገብ ከአሮጌው ጋር አያይዤ ለዳኛው አስገባሁ፤ አያይዝ ያለኝ አልነበረም። ዳኛው ሁለቱንም አንብቦ ምሳ ሳይበላ ዋለ። ሕጉ የሚለው እንደዚያ ነበርና ምን ያድርግ?

ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፣ ግንቦት 1 ቀን 1997 ሥራ ላይ የዋለው። ዛሬ ጠልፎ ማግባት ከቅጣት አያድንም። ይህም በራሱ የመጣ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ስንት ዓመት ጮኸውበታል። ሽማግሌዎቹ ግን ቅዳሜ ዕለት ያወሩኝ 1997 ያልመጣ ይመስል ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ በያዝሽው መዝገብ ያለችውን ልጅ ዕድሜ ያዢ። እነሱ 16 ይላሉ፣ እናቷ 13 ትላለች፣ ማን ያውቃል 12 ትሆናለች። ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፦ 13 ካልሞላት አንቀጽ 627 ነው፣ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት፤ ከሞላት ግን፣ በኃይል መደፈሯ ካልተረጋገጠ፣ 626 ነው፣ ከ3 እስከ 15። የጥቂት ወር ልዩነት ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነውና በጊዜው የተሰጠ የልደት ወረቀት አይኖራትም። የክትባት ካርዷን ጤና ጣቢያ ፈልጊ፤ ክርስትና የተነሣችበትን ደብር ጠይቂ፤ አንደኛ ክፍል የገባችበትን የትምህርት ቤት መዝገብ ራስሽ ሄደሽ እይ። ሰው አትላኪ። ኮፒ አስደርገሽ አንዱን ከቢሮ ውጭ አስቀምጪ። መዝገብ እንዴት እንደሚጠፋ እኔ ነኝ የማውቀው።

ልጅቷ አሁን የምታድረው የት ነው? ተስማማ የተባለው አባቷ ቤት ከሆነ ቀጠሮው ሳይደርስ ቃሏን ያስቀይሯታል። መጠለያ በወረዳው እንደሌለ አውቃለሁ። አክስት፣ የእናቷ ወገን፣ ማንም ይኑር፣ ዛሬውኑ አስጠይቂ።

እሙዬ፣ ትንሽ ሳለሽ ከቢሮ ያመጣሁትን ካርቦን ወረቀት ነጥቀሽ ጣትሽን ሁሉ ሰማያዊ ታደርጊው ነበር። ያቺ ልጅ ዐቃቤ ሕግ ሆና ሳያት ዕንባዬ ይመጣል። ግን ለስላሳ ነሽ፤ ሽበት ያለው ሰው «ልጄ» ሲልሽ ትረቺያለሽ። በእኔ ስም የሚመጣውን አትስሚ ያልሁሽ ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ወንጀል በግል አቤቱታ የሚቀርብ፣ በዕርቅም የሚቀር አይደለም። የሚታረቁበት የእነሱ ንብረት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ። ልጅቷ ለእናቷ ተናገረች፣ ለሚሊሻው፣ ለፖሊስ፣ ለነርስ፣ ለሐኪም፣ ለአንቺ፤ ቀጥሎ ሰውዬው ዓይን ዓይኗን እያያት ለችሎት። መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል ብትስት «ቃሏ ተለዋወጠ» ይባላል። ተማሪ ሳለሽ ልደታ የፌዴራል ፍርድ ቤት ያየሽውን ለሕጻናት ምቹ ችሎት አውርተሽልን ነበር። ልጁ ሌላ ክፍል ከሶሻል ወርከር ጋር ይቀመጣል፣ ዳኛው በካሜራ ያየዋል፣ ጥያቄው በሶሻል ወርከሯ አንደበት ለስልሶ ይደርሰዋል። የወረዳ ልጅ ይህን ለምን ያጣል? አንድ ክፍልና አንዲት የሠለጠነች ሴት ለወረዳ ከአቅም በላይ ነው የሚለኝ ሰው ለአዳራሽ መጋረጃ የሚወጣውን ይቁጠርልኝ።

ሕጉም ቢሆን ገና ነው። ልጅን የሚያንገላታ፣ የሚደበድብ አሳዳጊ ከባድ ጉዳት ካላደረሰ በአንቀጽ 576 ከ3 ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው የሚጠብቀው፤ በግ የሰረቀ ግን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያገኘው ይችላል። ወንጀል አውቆ ዝም ያለም በ443 የሚጠየቀው በዋናነት ሞት ወይም ዕድሜ ልክ በሚያስቀጣ ወንጀል ነው። መምህሯ ከሁሉ ቀድሞ አውቆ ነበር ብለሽኛል፤ ለማን የማሳወቅ ግዴታ አለበት? መምህርና ጤና ባለሙያ ልጅ መጎዳቱን ሲያውቅ የግድ እንዲያሳውቅ፣ ላሳወቀውም ከለላ እንዲኖረው በግልጽ መጻፍ አለበት።

ለሚቀጥለው መዝገብ ደግሞ ፖሊሶቹን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ልጅ ስትጎዳ ሳትታጠብ በቀጥታ ወደ ሐኪም። የኤች አይ ቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ልብሷን በወረቀት እንጂ በላስቲክ አያሽጉት፣ ይሻግታል።

በርበሬና ሽሮ ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልሽ ልጅ ልኬልሻለሁ፣ ሽሮው እርጥበት ስለያዘ ፀሐይ አስነኪው። ማታ ብቻሽን ከቢሮ አትውጪ።

ከመዝገቡ ሌላ አንድ ደብዳቤ እንድትጽፊ እፈልጋለሁ፤ በወረዳው ለሕጻናት ቃል መስጫ ክፍልና ሶሻል ወርከር እንዲመደብ፣ የልጃገረዶች ማረፊያም እንዲታሰብበት። ለዞኑ ፍትሕ መምሪያ አድርጊው፣ ግልባጭ ለሴቶችና ሕጻናት፣ ግልባጭ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት። በቁጥርና በቀን ወጪ ሳይሆን እንዳይሄድ፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ነው። ረቂቁን በዚሁ ልጅ እጅ መልሺልኝ፣ እኔ አየዋለሁ።

አባትሽ