ዲጂታል የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ለመስማት የቸገረን መሣሪያ ሳይሆን ጸጥታ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ወር ስለ ሬዲዮ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ፣ የአጭር ሞገድ ሥርጭት ዘመኑ ያለፈበት ነው፣ ዲጂታል የሆነውን ለመስማት ደግሞ በአገራችን ገበያ የማይገኝ ውድ ሬዲዮ ያስፈልጋል የሚሉ ሁለት ሐሳቦች ሰፍረው አንብቤአለሁ። ጸሐፊው ጉዳዩን በማንሳታቸው እያመሰገንሁ፣ ሁለቱም ሐሳቦች እኔ በገዛ ቤቴ ከማየውና ከምሰማው ጋር ስለማይስማሙ የበኩሌን ለአንባቢዎቻችሁ ላካፍል ወደድሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የሬዲዮ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ከልቤ ወጥቶ አያውቅም።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አጭር ሞገድን የሚያስታውሰው ከምሽት ጋር ነው። ከአዲስ አበባ ይሠራጭ የነበረው ብሥራተ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1963፣ የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ደግሞ በ1982 ሥራ ጀምረዋል። በእነዚያ ዓመታት የሬዲዮኑን አንቴና ወደ መስኮቱ እያዞረ ቤተሰቡን ዝም በሉ የሚል አባት ያልነበረበት ሰፈር አልነበረም። ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣና ቁም ነገሩ ላይ ሲደርስ እየሰለለ ይርቃል፤ አባቴ በዚያን ጊዜ ሬዲዮኑን ከጎኑ መታ መታ ያደርገው ነበር። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የሬዲዮኑ አልነበረም። ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ነጥሮ ሲመለስ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም፤ አንዱ አንድ ጊዜ ነጥሮ፣ ሌላው ሁለትና ሦስት ጊዜ ነጥሮ ዘግየት ብሎ ይደርሳል፤ ከአንቴናው ላይ ሲገናኙም አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋፋሉ።

ዲጂታል ሬዲዮ ሞንዲያል፣ በአጭሩ ዲ.አር.ኤም. የሚባለው የሥርጭት ስልት ይህን የቆየ ችግር ለማቃለል የተነደፈ ነው። ስልቱን ለማስፋፋት የቆመው ማኅበር ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1998 በቻይናዋ የጓንግዡ ከተማ ተፈረመ፤ መደበኛው ሥርጭትም በ2003 ጄኔቫ ላይ ይፋ ሆነ። ሐሳቡን ከጠነሰሱት ጣቢያዎች መካከል እኛ በአማርኛ የምናውቃቸው የጀርመን ድምፅና የአሜሪካ ድምፅ ይገኙበታል። በዚህ ስልት ድምፁ መጀመሪያ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ከዚያም በአንድ ወፍራም ሞገድ ላይ ከመጫን ይልቅ ጎን ለጎን በተሰለፉ በርካታ ቀጫጭን ሞገዶች ላይ ይከፋፈላል። በአጭር ሞገድ ላይ በብዛት በሚሠራበት፣ ባለሙያዎቹ «ሞድ ቢ» በሚሉት አሠራር፣ በ10 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ውስጥ 206 እንዲህ ያሉ ሞገዶች ይደረደራሉ። በአንዱ ምልክትና በተከታዩ መካከል 5.33 ሚሊ ሰከንድ የሚሆን መጠባበቂያ ጊዜ ይተዋል። የሬዲዮ ሞገድ በዚህች ቅጽበት 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከቀዳሚው እስከዚህ በሚረዝም መንገድ ዞሮ የደረሰ ሞገድ ቀዳሚውን አያበላሸውም ማለት ነው። ይህን ስሌት ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መሆኑ ይቆጨኛል፤ ስለ ብርሃን ፍጥነት ሳስተምር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቼ ባሳየሁ ኖሮ ስንቱ ተማሪ ዓይኑ ይበራ ነበር።

በተራ ሬዲዮ ላይ ይህ ሥርጭት የሚሰማው ከሩቅ እንደሚወርድ ፏፏቴ ያለ ወጥ የሹሹታ ድምፅ ሆኖ ነው። ማስተካከያውን ሲያዞሩ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው፣ ባዶ ሁካታ መስሏቸው ያለፉት አንባቢዎች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሬዲዮ አፍቃሪዎች ተራ የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ከፍተው፣ በውስጡ ያለውን የ455 ኪሎ ኸርዝ መካከለኛ ምልክት በትንሽ ማደባለቂያ ሰርኪዩት ወደ 12 ኪሎ ኸርዝ ያወርዱና ወደ ኮምፒውተር የድምፅ መግቢያ ያስገቡት ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ድካም የለም። ቴሌቪዥንን በኮምፒውተር ለማየት ተብላ የተሠራች፣ አውራ ጣት የምታህል የዩኤስቢ መቀበያ አለች፤ በውስጧ ያለው አር.ቲ.ኤል. 2832 ዩ. የተባለ ቺፕ ያልተተረጎመውን ጥሬ ምልክት እንዳለ ለኮምፒውተሩ ማስረከብ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2012 ከታወቀ ወዲህ፣ ይህች ርካሽ ዕቃ በዓለም ዙሪያ የጀማሪዎች ሬዲዮ ሆናለች። ለእኔ የእህቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ አንዷን፣ አጭር ሞገድን በቀጥታ እንድትቀበል ተደርጋ የተሻሻለችውን፣ አመጣችልኝ፤ ዋጋዋ ከአንድ ጥንድ ደህና ጫማ አይበልጥም። እርግጥ ነው፣ ጉድለት አላት። ምልክቱን በሰከንድ 28.8 ሚሊዮን ጊዜ ስለምትለካ ከ14.4 ሜጋ ኸርዝ በላይና በታች ያሉት ጣቢያዎች እንደ መስታወት ምስል እርስ በርስ ይደራረቡባታል፤ እያንዳንዱም ልኬት ባለ 8 ቢት ብቻ፣ ማለትም ብዙም ረቂቅ ያልሆነ፣ ስለሆነ አንድ ኃይለኛ ጣቢያ በአቅራቢያው ያሉትን ደካሞች ሊውጥባት ይችላል። እነዚህን ችግሮች ከፊቷ በሚደረግ ማጣሪያ ማቃለል ይቻላል።

ምልክቱን ወደ ድምፅ የሚተረጉመው «ድሪም» የተባለው ፕሮግራም ነው። በጀርመን አገር በዳርምሽታት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ የፕሮግራሙ ኮድ ለሁሉም ክፍት የሆነና ገንዘብ የማይጠየቅበት ሥራ ነው። አንዱ ፕሮግራም ከመቀበያዋ የሚመጣውን ምልክት ይቃኛል፤ ከእሱ የሚወጣው ደግሞ በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር በተሠራ የድምፅ ገመድ በኩል ወደ «ድሪም» ይተላለፋል። ጀማሪ የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ብቻ ልጠቁም፦ ለተራ ሬዲዮ ጥሩ የሆኑት የጩኸት መቀነሻዎች ሁሉ እዚህ መዘጋት አለባቸው፤ በመቃኛው ፕሮግራም ላይ የሚመረጠው የማሳለፊያ ስፋትም 10 ኪሎ ኸርዙን ከነዳር ዳሩ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ከዳሩ ጥቂት እንኳ ከተቆረጠ ቁጥሮቹ ይጎድላሉ።

አንቴናዬ ከምናለሽ ተራ የገዛሁት 12 ሜትር የመዳብ ሽቦ ነው። ቤቴ የቆርቆሮ ክዳን ስላለው በውስጡ የሚዘረጋ ሽቦ ብዙም አይረባም፤ ስለዚህ ከወጥ ቤቱ ጥግ አንሥቼ በግቢው ጫፍ ካለው ጽድ ጋር አሰርሁት። ይህን ሁሉ ካዘጋጀሁ በኋላ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል አልሰማሁም። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ምልክቱ እንደ ግንብ አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታየኛል፤ ፕሮግራሙ ካሉት ሦስት ትንንሽ መብራቶች ሁለቱ፣ ማለትም የሥርጭቱን ዓይነትና የጣቢያውን መግለጫ መነበብ የሚያመለክቱት፣ አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ድምፁን የተሸከመው ክፍል መብራት ግን ቀይ እንደሆነ ይቀራል። የምልክቱ ኃይል ከሁካታው በ9 ዴሲቤል ብቻ ይበልጥ ነበር፤ ይህም ለዚያ ሥርጭት አልበቃም።

አንድ ምሽት፣ ልክ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ በባትሪ ይሠራ ስለነበር ስክሪኑ አልጠፋም። ሻማ ፈልጌ ስመለስ ያ ቁጥር ወደ 17 ዴሲቤል ወጥቷል፤ ሦስተኛው መብራት አረንጓዴ ሆኖ የህንድ ሬዲዮ ስም በላቲን ፊደል ተጽፎ ብቅ አለ፤ ቀጥሎም ኤፍ ኤም የሚመስል የጠራ የሴት ዘፈን ክፍሉን ሞላው። ከህንድ ውቅያኖስ ማዶ የመጣ ዘፈን ሳይሰልል፣ ሳይንኮሻኮሽ፣ በጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስሰማ የተሰማኝን ስሜት ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ባለቤቴም ከጓዳ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መብራት ሲመጣ ዘፈኑ በመካከሉ ተቆረጠ።

ደብዳቤዬን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር ያን ምሽት ግልጽ ሆነልኝ። ጣቢያው ደካማ አልነበረም፤ አንቴናውም ሆነች ያቺ ትንሽ መቀበያ ጥፋት አልነበረባቸውም። ሥርጭቱን ያፈነው ከየቤታችን ሶኬት የሚወጣው የኤሌክትሪክ ሁካታ ነበር። በማግስቱ ኮምፒውተሩን በባትሪ አድርጌ የቤቱን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያጠፋሁና እያበራሁ ቁጥሩን መዘገብሁ። ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላው የእንጀራ ምጣድ ምንም ጉዳት አላደረሰም፤ እሱ ሙቀት ብቻ ነውና። የአሮጌው ማቀዝቀዣ ድርሻም ኢምንት ነበር። ከሁሉ የከፋው የኮምፒውተሩ የራሱ ቻርጀር ሲሆን፣ ቀጥሎ የዲሽ ሪሲቨሩ የኤሌክትሪክ አዳፕተርና በሳሎን ያሉት ሁለት ርካሽ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች መጡ። እነዚህ ዕቃዎች ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጡ ስለሚሠሩ፣ በውስጣቸው በቂ ማጣሪያ ካልተደረገላቸው የቤቱን ሽቦ ሁሉ የሁካታ አንቴና ያደርጉታል። ፋብሪካው ማጣሪያውን የሚያስቀረው ጥቂት ሳንቲም ለማትረፍ ሲሆን ሁካታውን ግን ከእነጎረቤቶቻችን እኛ እንሸከመዋለን።

አምፖሎቹን ቀየርሁ፤ ከተበላሸ አሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን ገመድ ላይ ያወጣኋቸውን፣ ፌራይት የተባሉ ሁካታ አፋኝ ቀለበቶች በሪሲቨሩና በመቀበያዋ ገመዶች ላይ ደጋግሜ ጠመጠምሁ፤ አንቴናውንም ከቤቱ ግድግዳ በአራት ሜትር አራቅሁት። አሁን መብራት እያለም በአብዛኛው ምሽት እሰማለሁ። የውጭ ጣቢያዎች መርሐ ግብር የሚጻፈው ዩ.ቲ.ሲ. በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሆነ የሚቸገሩ ካሉ ዘዴው ቀላል ነው፦ ወደ እኛ የሰዓት አቆጣጠር ለመለወጥ ከዩ.ቲ.ሲ. ላይ 3 መቀነስ ብቻ ነው። 16 ሰዓት ከተባለ 13፣ ማለትም የቀኑ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል።

የዚህን ቴክኖሎጂ ድክመት መሸሸግ አልፈልግም። በአናሎግ ሥርጭት ምልክቱ ሲዳከም ጆሮ እየታገለ ጥቂት ቃል ይይዛል፤ በዲጂታሉ ግን ከወሰኑ ዝቅ ሲል ጭራሽ ዝም ይላል። በአጭር ሞገድ በዲጂታል የሚያሠራጩ ጣቢያዎችም ብዙ አይደሉም፤ በአማርኛም እስካሁን አልሰማሁም። ይሁንና ኒውዚላንድ በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ላሉ ጣቢያዎች ፕሮግራሟን የምታቀብለው በዚሁ መንገድ ነው፤ ህንድም ከ30 በላይ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫዎችን ለዚህ ስልት ተክላለች። በጀርመን የኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሬዲዮ ሳይቀር በ15785 ኪሎ ኸርዝ በአነስተኛ ኃይል ሲያሠራጭ ቆይቷል። ተማሪዎች የሚያሠራጩት ሬዲዮ ካለ፣ የእኛ ተማሪዎች ቢያንስ የሚቀበሉት ሊኖር ይገባል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ መቀበያና ጥቂት ሜትር ሽቦ ያለው የፊዚክስ ክበብ ስለ ሞገድ፣ ስለ አዮኖስፌርና ስለ ዲጂታል ምልክት በመጽሐፍ የሚነበበውን ሁሉ በአንድ ምሽት በዓይኑ አይቶ በጆሮው ሊሰማ ይችላል። መቀበያ ያላገኘ ትምህርት ቤት ደግሞ በልዩ ልዩ አገሮች ተተክለው በኢንተርኔት ለማንም ክፍት በሆኑት «ኪዊ ኤስ ዲ አር» በተባሉት መቀበያዎች መጀመር ይችላል፤ ዲ.አር.ኤም.ን የመተርጎም ችሎታ ያላቸው አሉና። ሁለተኛው ጥያቄ ወደ አገር የሚገቡ ቻርጀሮችንና አምፖሎችን ጥራት ለሚቆጣጠሩ ነው። ዕቃው እንዳይቃጠልና ሰው እንዳይጎዳ የሚደረገው ፍተሻ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ወደ መስመሩ የሚለቀው ሁካታም ቢለካ ጥቅሙ ለዲጂታል ሬዲዮ አድማጭ ብቻ አይሆንም፤ በገጠር በባትሪ ሬዲዮ የአጭርና የመካከለኛ ሞገድ ዜና የሚከታተለው ገበሬም መብራት ወደ ቀበሌው ሲገባ ሬዲዮውን አይነጠቅም።

በአዲስ አበባ የሚገኝ ማንኛውም ትምህርት ቤት ሙከራውን ማየት ቢፈልግ፣ መቀበያዋንና የሽቦ ጥቅሌን ይዤ በራሴ ወጪ ለመምጣት ፈቃደኛ ነኝ፤ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያን ዕለት በግቢው ውስጥ ያሉት የኤል ኢ ዲ አምፖሎች ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲጠፉልኝ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር
ኮተቤ፣ አዲስ አበባ