ወደ ጅሬን የሚያወጣው የእግር መንገድ በድንጋይ ይሠራ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ዕድሜዬን ጅማ ውስጥ በግንበኝነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። በቅርቡ አየርላንድ የምትኖረው ልጄ ጋር ሄጄ ክሮ ፓትሪክ የሚባለውን ተራራ ወጣሁ። የምጽፍላችሁ ስለ መንገዱ ነው።

ተራራው ምዕራብ አየርላንድ፣ ማዮ ውስጥ ይገኛል። ከፍታው 764 ሜትር ነው። ጅማ ራሷ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ቁጥሩ ለእኛ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መነሻው ባሕሩ አጠገብ ስለሆነ ከሞላ ጎደል ሁሉንም በእግር ነው የሚወጡት። ቅዱስ ፓትሪክ 40 ቀን ጾሞበታል ተብሎ ስለሚታመን፣ በየዓመቱ በሐምሌ፣ በእኛ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን፣ በሺዎች የሚቆጠር ምዕመን ይወጣዋል። በባዶ እግሩ የሚወጣም አለ።

ያ ሁሉ እግር ተራራውን በልቶታል። ሣሩ ሲረገጥ ይደርቃል፤ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ይወስድና ልቅ ድንጋይ ይቀራል። ሰው እንዳያዳልጠው በጎን ሲሄድ ደግሞ ጠባሳው ይሰፋል። መፍትሔያቸው ልቤን ነካው። ሲሚንቶ አላፈሰሱም። እዚያው ተራራው ላይ ያለውን ድንጋይ በእጅ ደርድረው ደረጃ አወጡለት። የእኛው ደረቅ ካብ ማለት ነው! ቁጭ ብዬ በእጄ እየነካሁ አየሁት። ድንጋዩ እርስ በርሱ ተነካክሶ ቆሟል።

አሁን ወደ ጅሬን ልምጣ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበትን ኮረብታ በአቋራጭ በእግር የምንወጣ ብዙ ነን። ክረምት ላይ ጭቃው አያስወጣም፤ በበጋ ደግሞ ጎርፍ የቦረቦረው ይቀራል። አሮጊቶች እጃቸውን ለሰው ሰጥተው ሲወርዱ ማየት ያሳዝናል። መኪና ያለው በመንገዱ ይወጣል፤ እግረኛውስ?

የከተማው አስተዳደር ይህን አቋራጭ በደረቅ ካብ ደረጃ እንዲያሠራው እጠይቃለሁ። በኮብልስቶን ሥራ ድንጋይ መጥረብ የተማሩ ወጣቶች አሉን። መጀመሪያ ግን ውኃው ወደ ጎን የሚወጣበት ቦይ ይቀየስ። ያለ ቦይ የተሠራ ደረጃ ሁለተኛ ክረምት አይደርስም፤ ይህን ከሥራዬ አውቃለሁ። ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲጠነክር ቢጀመር ጥሩ ነው። አቀያየሱንና አካካቡን ለወጣቶቹ ያለ ክፍያ ለማሳየት ፈቃደኛ ነኝ።

አንድ ግንበኛ፣ ከጅማ