ሙሌ፣ ቢየላውን ልሞርደው ወይስ ካሙን ልቀይር?

ሙሌ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ስጠፋ ቆየሁ፣ ይቅር በለኝ። ስድቡን ስንገናኝ ታወርደዋለህ፣ አሁን ግን አስቸኳይ ጉዳይ አለኝ። ከአንተ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ያ ፎቶውን የላክሁልህ የሼቭሮሌት 350 ሞተር ትዝ ይልሃል? ወደ 383 ኪዩቢክ ኢንች እያሳደግኩት ነው። ሲሊንደሩ በ0.030 ኢንች ሰፍቷል፣ 3.48 ኢንች የነበረው ስትሮክ (ፒስተኑ ወጥቶ የሚወርድበት ርቀት) ደግሞ 3.75 ሆኗል። ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የክራንኩ ክንድ በ0.135 ኢንች ረዝሟል ማለት ነው፣ ከ3 ሚሊሜትር በላይ። ፋብሪካው ብሎኩን ሲሠራ ለዚህ ብሎ የተወው ቦታ የለም። ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው የቢየላው ብሎን ከብሎኩ የታችኛው ጠርዝ ጋር ሊጋጭ ይችላል፣ ከላይ ደግሞ ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ካሙ አለ።

ዕቃውን የሸጠልኝ ሰው "ዝም ብለህ ግጠም፣ ልክክ ይላል" አለኝ። ታውቀኛለህ፣ እንዲህ ሲሉኝ ነው እንቅልፍ የማጣው! የፒስተን ፋሻ (ቀለበቶቹን) ሳላስገባ ገጠምኩትና በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ካሙ በክራንኩ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር አንድ ዙር አይበቃም፣ ሁለት ሙሉ ዙር ያስፈልጋል። ስምንቱንም ቢየላ አየሁ፣ ምክንያቱም አንዱ ስላለፈ ሌላው ያልፋል ማለት አይደለም። የታችኛው ጠርዝ ላይ የሚነካካውን ቦታ 0.060 ኢንች ክፍተት እስኪያገኝ ሞረድኩት። እዚያ ጋ ብዙ ከበሉት ውስጡ ውኃ መሄጃ ነው፣ ስለዚህ እየለካሁ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሄድኩት።

ቫልቭና ፒስተኑን በልጄ መጫወቻ ጭቃ ለካሁ። ጭቃውን ፒስተኑ ላይ አድርጌ ከላይ የሚከድነውን ቴስታታ ከነጓርኒሲዮኑ አሰርኩ፣ አዙሬ ከፈትኩትና ጭቃውን በቢላ ቆርጬ ውፍረቱን አየሁ። ለማስገቢያው ቫልቭ 0.080፣ ለጭስ ማውጫው 0.100 ኢንች ነው የምፈልገው። ሁለቱም በደንብ አለፉ፣ ደስ አለኝ።

ጣጣው ካሙ ጋ ነው። አንዱ ቢየላ ብሎኑ ከካሙ ያለው ርቀት 0.035 ኢንች ብቻ ነው። ቢያንስ 0.050 እፈልጋለሁ። በእጅ ሲዞር አይነካም። ሞተሩ ሞቆ፣ በከፍተኛ ዙር ቢየላው ሲለጠጥ፣ የካሙ ሰንሰለትም ሲላላ ግን ምን ይሆናል? ቢነካ ካሙ ይሰበራል፣ የተሰበረው ደግሞ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ።

ሁለት መንገድ አለኝ። ቢየላውን ትከሻው ላይ ትንሽ መሞረድ ይቻላል፣ ግን ክራንኩ ባላንስ ተደርጎ አልቋል፣ ክብደቱ ከተቀየረ እንደገና ቶርኖ ቤት መመለስ ነው። ወይ መሠረቱ ቀጭን የሆነ ካም እገዛለሁ። እሱ ደግሞ ከገንዘቡ ሌላ የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹ መርዘም አለባቸው፣ የጭቃውም ሥራ ከመጀመሪያው። እኔ ወደ ካሙ አደላለሁ። አንተ ግን በሞረድ ተአምር ስትሠራ ስላየሁ ልቤ ይዋልላል። መቼስ አንተ ሞተር ስትገጥም ባለመኪናው ቡናውን ጠጥቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ተጣልቶህ፣ ታርቆህ ነው የሚረከበው። እንደዚያ ያለ ሰው ነው አሁን የምፈልገው።

ደግሞ… ስለ እትዬ መታመም ሰምቻለሁ። እንዴት ብዬ እንደምጠይቅህ ጨንቆኝ ነው። እንዴት ናቸው? መድኃኒት ከዚህ የሚላክ ካለ ስሙን ብቻ ጻፍልኝ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

የካሙንና የቢየላውን ፎቶ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። አጉልተህ እየው፣ በተለይ የብሎኑን ራስ። እስክትመልስልኝ አልነካውም። መጻፍ ከሰለቸህ በድምፅ ላክልኝ። እትዬን ሳምልኝ።